«የክረምቱን ዕረፍት እንዴት አሳለፍህ» ስለሚባለው ድርሰት

በመስከረም ወር ትምህርት ቤት ሲከፈት በሰሌዳ ላይ ከሚጻፉት የድርሰት ርእሶች አንዱ «የክረምቱን ዕረፍት እንዴት አሳለፍህ» የሚለው ነው። ርእሱን አንነቅፍም፤ ልጅ የሚጽፈውን ነገር ከገዛ ኑሮው ያገኝ ዘንድ የታሰበ ነውና። የምንነቅፈው ከዚህ ርእስ የሚወለደውን ጽሕፈት ነው።

ደብተሮቹን ገልጠን ስንመለከት የሚበዙት በአንድ ሰው እጅ የተጻፉ ይመስላሉ። ተማሪው ትምህርት ቤት እንደ ተዘጋ ወደ ዘመዶቹ አገር ይሄዳል፤ ሐይቅ ያያል፤ ሜዳው አረንጓዴ ምንጣፍ የለበሰ ነው፤ በጣም ደስ ይለዋል፤ ይመለሳል። ሐይቁ የትኛው እንደ ሆነ፥ አብሮት ማን እንደ ነበረ አይነገርም። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ሐይቅ አይተው እንደማያውቁ መምህሩም አይስተውም። ታዲያ ስለ ምን ይዋሻሉ? ዕረፍት የሚለው ቃል ሽርሽር ብቻ መስሎ ስለሚሰማቸው ነው። የገበሬ ልጅ ክረምቱን የሚያሳልፈው ጤፍ በማረምና ከብት በመጠበቅ ነው፤ እኅቱም ውኃ ትቀዳለች፥ ሕፃን ታዝላለች። የከተማው ልጅ ሊስትሮ ሆኖ ይውላል፥ ማታም ጣራው ሲያፈስ ሣፋ ይደቅናል። ይህን ለመጻፍ ያፍራሉ። ትምህርት ቤት ለልጁ የገዛ ኑሮው ለወረቀት የማይበቃ መስሎ እንዲታየው ካደረገ፥ በቀይ ቀለም ሀሌታውን «ሀ» ከሐመሩ «ሐ» መለየቱ ምን ይጠቅመዋል?

ሌላም ጠለቅ ያለ ምክንያት አለ። በአገራችን አስተዳደግ ልጅ በታላላቆቹ ፊት «እኔ» ማለት አያምርበትም። (በዚህ ገጽ «እኛ» እያልን የምንጽፈውም ሰዎች ከዚሁ ልማድ እምብዛም አልራቅንም።) ስለዚህ ድርሰቱ ከልጁ የሚጠይቀው ቤቱ የከለከለውን ነገር ነው። ይሁን እንጂ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ልጅነታቸውንና ወደ ሩስያ የሄዱበትን ዘመን «እኔ» እያሉ ጽፈዋል፤ መጽሐፉም በ1999 ዓ.ም. ታትሞ ለአንባቢ ደርሷል። እንዲህ ያለ ታላቅ ሰው በራሱ አንደበት ስለ ራሱ ሲናገር ልጁ ቢሰማ፥ ያየውን መመስከር ከትዕቢት የማይቈጠር መሆኑን በቀላሉ ይረዳዋል። ከመጽሐፉ ጥቂት ገጽ በክፍል ውስጥ ማንበብ ስለ ድርሰት አጻጻፍ ከሚሰጠው ረጅም ማብራሪያ ይበልጣል ብለን እናምናለን።

ርእሱም ይጥበብ። ሁለት ወር ያህል ዕረፍት በአንድ ገጽ ሲጠየቅ ልጁ «ደስ አለኝ» ከማለት ሌላ ምን ይበል? «የቡሄ ዕለት፥ ነሐሴ 13 ቀን፥ ሙልሙሉን ስትካፈሉ ምን ሆነ?» ተብሎ ቢጠየቅ ግን ጅራፉን ማን እንደ ገመደለት፥ የትኛይቱ ባልቴት ደጃቸውን እንደ ዘጉባቸው፥ በድርሻ ከማን ጋር እንደ ተጣላ ሳይታወቀው ይጽፋል። ቡሄ የማይከበርበት ቤት ልጅ ደግሞ የራሱን በዓል፥ ወይም ጎርፍ የመጣበትን አንድ ቀን ይጻፍ።

መምህሩም በኅዳጉ ላይ «ጥሩ ነው» በማለት ፋንታ «ባልቴቲቱ ምን አሉህ?» ብሎ ይጠይቅና ደብተሩን ይመልስለት። ስድሳ ልጅ የሚያስተምር ሰው ይህን ለሁሉም በአንድ ጊዜ ማድረግ እንደማይችል እናውቃለን። በሳምንት አሥር ደብተር ቢመለከት እስከ ጥቅምት መጨረሻ ለሁሉም ይዳረሳል።