ዝም የሚል ፋን እንዴት ይመረጣል?

ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የመተከል ቆላ ሲግል፣ በቡለን የጽሕፈትና ኮፒ ቤቶች ውስጥ የዴስክቶፕ ፋን ሥራው ይበዛል። ፋን ክፍሉ ውስጥ ያለውን አየር ከመግፋት በቀር ቅዝቃዜ አይፈጥርም። ክፍሉ ከ20 ወደ 35 ዲግሪ ሲወጣ፣ ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞር የፕሮሰሰሩም ሙቀት በ15 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል፤ ማዘርቦርዱም ፋኑን ያፈጥነዋል። አዲስ አበባም የራሷ ችግር አላት፦ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ሙቀት ተሸክሞ የመውጣት አቅሙም ያንሳል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው መጠን ነው፤ ትልቅ ፋን ያንኑ አየር በዝቅተኛ ፍጥነት ይገፋልና። ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ የሚገፋው አየር በግማሽ ይቀንሳል፤ ድምፁ ግን በ15 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። ኬዙ ቦታ ካለው፣ 80 ሚሊሜትር ፋን ከማስጮህ 120 ወይም 140 ሚሊሜትሩን በዝግታ ማዞር እጅግ ይሻላል።

ጥሩና መጥፎ ሥራ የሚለየው ኩሽኔታው ላይ ነው። በርካሹ ‘ስሊቭ’ ዘንጉ በቅባት በራሰ ቀለበት ውስጥ ይዞራል፤ አዲስ ሳለ ጸጥተኛ ነው፣ ሙቀት ቅባቱን ሲያደርቀው ግን መንጫጫት ይጀምራል። ባለ ኳሱ ሙቀት ይችላል፣ ከመጀመሪያው ግን ጥቂት ያጉረመርማል። ዘንጉ በዘይት ንብርብር ላይ የሚንሳፈፍበት ‘ፍሉይድ ዳይናሚክ’ ሁለቱንም ያስታርቃል፤ ዋጋው ቀለል ያለው የአርክቲክ ፒ12 እንኳ ይህን ይጠቀማል።

የአሠራር ጥራት የት ድረስ እንደሚሄድ ለማየት የኦስትሪያው ኖክቱዋ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣውን ኤንኤፍ-ኤ12ኤክስ25 መመልከት ነው። በክንፎቹ ጫፍና በክፈፉ መካከል ያለው ክፍተት ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ነው። ተራ ፕላስቲክ በሙቀትና በሽክርክሪት ስለሚለጠጥ፣ ክንፉ ክፈፉን እንዳይነካ የተለየ ጠንካራ ፖሊመር አስፈልጓል።

ካርቶን ላይ የታተመ ዴሲቤል ብቻውን አያሳምንም፤ አምራቾች የሚለኩት በየራሳቸው መንገድ ነው። ጆሮ ይሻላል። ፋኑን በዝግታ አስነስቶ፣ አንዴ ቀጥ አድርጎ አንዴ አጋድሞ ማዳመጥ ያስፈልጋል። ለስላሳ የነፋስ ድምፅ ቶሎ ይለመዳል፤ ቀጭን ፉጨት ወይም ‘ቀጭ ቀጭ’ ግን ቁጥሩ ዝቅ ቢልም ያሰለቻል።

ከመግዛት በፊት ማገናኛውንም ማየት ይገባል። በርካታ የዴል ኦፕቲፕሌክስ ሞዴሎች ከተለመደው ባለ 4 ፒን ይልቅ የራሳቸው ባለ 5 ፒን አላቸው። ደግሞም ብዙ ጊዜ ፋኑን የሚያስጮኸው የፕሮሰሰሩን ሙቀት በሚቀበለው ብረት (ሂትሲንክ) ላይ የተጋገረው የበጋ አቧራ ነው። በብሉወር ሲጸዳ ክንፎቹን በጣት መያዝ የግድ ነው፤ ነፋሱ ከልክ በላይ ካሽከረከራቸው ኩሽኔታው ይጎዳል።