ያልተኳለ ማስታወቂያ

ብዙው የሐርጌሳ ነጋዴ ሠዓሊ ጠርቶ በሱቁ ውስጥ ያለውን ዕቃ በግድግዳው ላይ ያሥላል። ማንበብ የማይችልም፣ ቋንቋውን የማያውቅ እንግዳም ሥዕሉን አይቶ ይገባል። የማስታወቂያ ዋነኛ ተግባሩ ይኸው ነው፤ ምን እንዳለና የት እንዳለ ይናገራል፣ ከዚያ ዝም ይላል።

ክሬግ ኒውማርክ በ1995 እ.ኤ.አ. በሳን ፍራንሲስኮ ለወዳጆቹ በሚልከው የኢሜይል ዝርዝር የጀመረው፣ በኋላም ድረ ገጽ የሆነው «ክሬግዝሊስት» የተወደደው በዚሁ ጠባዩ ነው። ነጭ ገጽ፣ ሰማያዊ የጽሑፍ መስመር፤ ቤት፣ ሥራ፣ ያገለገለ ዕቃ። ትልቁ ድርጅትና አንዲት ክፍል የሚያከራየው ግለሰብ በእኩል ፊደል ይጽፋሉ። በአዲስ አበባ አራት ኪሎ ከሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት የቆመ ምሩቅም የሚሻው ይህንኑ ነው፤ የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምድ፣ የመመዝገቢያ ቀን። ጌጥ ለእርሱ ጊዜ ማባከኛ ነው።

ይሁን እንጂ የእነዚህ ድረ ገጾች አድናቂዎች ቀላልነትን ከታማኝነት ጋር ያምታታሉ። የሐርጌሳው ሥዕል ከሱቁ ጋር የተጣበቀ ነው፤ ያታለለ ነጋዴ ግድግዳውን ተሸክሞ አይሰወርም። የድረ ገጹ ማስታወቂያ ግን ግድግዳ የለውም። የሌለ ቤት በሦስት መስመር ሲጻፍ ካለው ቤት አይለይም። «ክሬግዝሊስት» ራሱ ገዥና ሻጭ በአካል እንዲገናኙ የሚመክረው ስለዚህ ነው። ከ2009 ወዲህ «ዛድ» ገንዘብን በእጅ ስልክ በሚያሻግርባት ሐርጌሳ፣ ክፍሉን ሳያይ ቀብድ ለመላክ የሚቸኩል እንግዳ ይህን ምክር ሊያስብበት ይገባል። ያልተኳለ ፊት ደስ ያሰኛል፤ ዋስ ግን አይሆንም።