የጠርሙሱ ወሬ ከየት መጣ?

በ1966 (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የወጣውን «ካርቱም» የተሰኘ ፊልም ያየ ሰው ጄኔራል ጎርደንን የሚያውቀው በቻርልተን ሄስተን መልክ ነው። የኛ አገር አንባቢ ደግሞ በሌላ በኩል ያውቀዋል፤ በ1879 የግብፅ መልእክተኛ ሆኖ ደብረ ታቦር ድረስ በመምጣት ከአፄ ዮሐንስ ጋር የተነጋገረው እሱ ነው። እንዲህ ስሙ የገነነ ሰው ሲሞት ገመናው የሁሉም ወሬ ይሆናል። ጎርደን በ1885 ካርቱም ላይ ከተገደለ በኋላ የሆነውም ይኸው ነው።

ከወሬዎቹ ሁሉ ሥር የሰደደው የመጠጡ ነው። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ሊተን ስትሬቺ በ1918 ባሳተመው መጽሐፍ የተገለጠ መጽሐፍ ቅዱስና የተከፈተ የብራንዲ ጠርሙስ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠለት። አጻጻፉ ያምራል፤ አንዴ ያነበበው አይረሳውም። ሰው ሁሉ ሳይመረምር የተቀባበለውም በዚሁ ውበቱ ይመስለኛል።

በርናርድ አለን ግን መረመረው። በ1931 «ጎርደንና ሱዳን» በተባለው ሥራው ውስጥ ደጋግሜ የማደንቀው ትዕግሥቱን ነው። ወሬው መጀመሪያ ከማን አፍ እንደወጣ ተከታትሎ አንድ ሰው ላይ ደረሰ፤ በ1874 በጎርደን ሥር ያገለገለው አሜሪካዊ መኮንን ሻዬ-ሎንግ ላይ። ሎንግ ትዝታውን ያሳተመው በ1912 ነው፤ ሆነ ከተባለው ነገር 38 ዓመት፣ ጎርደን ከሞተ ደግሞ 27 ዓመት ቆይቶ። ሌላ ጸሐፊ ቢሆን «ከዘገየ አይታመንም» ብሎ ብዕሩን እዚህ ያስቀምጥ ነበር። አለን ግን ሎንግን ከራሱ ከሎንግ ጋር አፋጠጠው። ሰውየው ነገሩ ትኩስ ሳለ፣ በ1876፣ ስለዚያው ዘመቻ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። ጠርሙሱ እዚያ የለም! ምስክርን በቀድሞ ቃሉ መርታት የድሮ የበላ ልበልሃ ተሟጋች ሙያ ነው፤ በታሪክ ጽሑፍ ውስጥ እንዲህ ጠርቶ ያየሁት ከስንት አንዴ ነው። ይህ ጎርደን መጠጥ አልቀመሰም ማለት አይደለም። በዚህ ወሬ ግን ሰካራም ሊባል አይችልም።

ስለ አሟሟቱም ዳግላስ ጆንሰን በ1982 ተመሳሳይ ሥራ ሠርቷል። በፊልሙ ሄስተን ደረጃው ላይ ዝም ብሎ ቆሞ ጦሩን ይቀበላል፤ ጆርጅ ዊልያም ጆይ በ1893 የሳለውን ሥዕል ተከትሎ ነው። ጆንሰን እያንዳንዱ ምስክር በዚያች ሰዓት የት ቆሞ እንደነበር ጠየቀ። ይህን የተረጋጋ አሟሟት ያወሩት ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ያልነበሩ ሰዎች ሆነው ተገኙ፤ አጠገቡ የነበረው ጠባቂው ኸሊል ኦርፋሊ ግን ጌታው እስከ መጨረሻው እየተኮሰ እንደተዋጋ መስክሯል።

የኛን ዘፋኞችና ተዋንያን የግል ሕይወት የምትጽፉ ወገኖቼ፣ «ይባላል» ብላችሁ ማተሚያ ቤት ከመግባታችሁ በፊት የአለንን መጽሐፍ ፈልጋችሁ አንብቡ።