ዳገትና ቁልቁለት፦ ፈንክሽን ጄኔሬተር ድምፅ ሲያወጣ

በሞጁላር ሲንተሳይዘር ዓለም የጸና የሥራ ክፍፍል አለ። ኦሲሌተር ድምፅ ያመነጫል፤ ፊልተር ይቀርጸዋል፤ ፈንክሽን ጄኔሬተር ደግሞ ራሱ ሳይሰማ ሌሎቹ መቼ እንደሚጎሉና መቼ እንደሚከስሙ ያዛል። ይህ ድምፅ አልባ አዛዥ በሰከንድ ከ20 ዙር በላይ ሲፈጥን ግን ጆሮ ራሱን ይሰማዋል። ብዙ ተጠቃሚዎች ይህን ኦሲሌተር ላጠረው ሰው እንደ ማብቃቂያ ብልሃት ያዩታል። የዚህ ዳሰሳ ክርክር ሌላ ነው፦ ፈንክሽን ጄኔሬተር በድምፅ ምንጭነቱ የሚመሰገነው፣ እንደ ኦሲሌተር ሲመዘን ጉድለት በሚባሉት ጠባዮቹ ነው።

ክፍፍሉ ታሪክ አለው። ሮበርት ሙግ በ1964 እ.ኤ.አ. በቮልቴጅ የሚታዘዙ ሞጁሎችን መሥራት ጀመረ። በቀጣዩ ዓመት የኮሎምቢያ ፕሪንስተን ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከሉ ቭላዲሚር ኡሳቼቭስኪ ያቀረበለት ዝርዝር ዛሬ ኤንቨሎፕ የምንለውን ባለአራት ደረጃ ቅርጽ አስገኘ። የዚህ ቅርጽ ልኬት ጣት ነው፦ ቁልፍ ከተጫነበት ቅጽበት ተነሥቶ ከተለቀቀ በኋላ ድምፁ እስኪሞት ይዘልቃል። ድምፁና የድምፁ ዕድሜ የተለያዩት እንግዲህ በኪቦርድ አስተሳሰብ ነው።

ሰርጅ ቸረፕኒን በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ የሥነ ጥበባት ተቋም ተማሪዎች ራሳቸው እየበየዱ የሚገጣጥሙት ሲንተሳይዘር ሲነድፍ ከዚህ አስተሳሰብ ወጣ። ዱዋል ዩኒቨርሳል ስሎፕ ጄኔሬተር የተባለው ሞጁሉ፣ ስሙ እንደሚያመለክተው፣ የሚያውቀው ዳገትንና ቁልቁለትን ብቻ ነው። ካፓሲተር ቀስ እያለ ይሞላል፤ ቮልቴጁ ጣሪያው ላይ ሲደርስ ተመልሶ ይፈሳል፤ ፍሰቱ ሲያበቃ አንድ ምት ወደ ውጭ ይላካል። ምቱን በገመድ ወደ ራሱ ማስነሻ ከመለሱት መውጣትና መውረዱ ማቆሚያ የለውም። የሰሜን ካሮላይናው ሜክ ኖይዝ ኩባንያ ከሰርጅና ከሲንተሳይዘር ነዳፊው ዶን ቡክላ ንድፎች ወርሶ በሠራው ማትስ በተባለ ሞጁል ላይ አንዱ ዙር 25 ደቂቃ ሊፈጅ፣ ወይም በሰከንድ እስከ 1,000 ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። ከዳር እስከ ዳር ያለው ሰርኪዩት አንድ ነው፤ የሚለየው ፍጥነቱ ብቻ ነው።

የማሲንቆ ድምፅ የለመደ ጆሮ ለዚህ አሠራር ባይተዋር አይደለም። ደጋኑ ክሩን ይዞ ይጎትታል፤ ውጥረቱ ሲበረታ ክሩ አምልጦ ወደ ኋላ ይፈናጠራል፤ ደጋኑ መልሶ ይይዘዋል። ሄርማን ሄልምሆልትስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በቫዮሊን ላይ ያጠናው እንቅስቃሴ ይኸው ነው፦ ደጋኑ ባረፈበት ነጥብ ላይ ክሩ የሚሠራው ቅርጽ ረጅም ዳገትና አጭር ቁልቁለት ያለው ሦስት ማዕዘን ነው። ማሲንቆውም ፈንክሽን ጄኔሬተሩም ድምፅ የሚያወጡት በመጠራቀምና በመልቀቅ ነው።

ሒሳቡን እንመልከት። ዳገቱ 2 ሚሊ ሰከንድ፣ ቁልቁለቱም 2 ሚሊ ሰከንድ ቢፈጅ ዙሩ 4 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል፤ ድምፁም 250 ሄርዝ ነው። ሁለቱ እኩል ሲሆኑና መስመራቸው ቀጥ ሲል ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ሃርሞኒኮች ብቻ በስሱ ይሰማሉ፤ ቃናው ለዋሽንት የቀረበ ልስላሴ አለው። ዙሩን ሳንነካ ዳገቱን 3.9፣ ቁልቁለቱን 0.1 ብናደርግ ከፍታው እዚያው ሆኖ ሙሉና ስል የሆነ ድምፅ ይወጣል። ወደ መጀመሪያው እኩል ልኬት ተመልሰን ዳገቱን ብቻ ወደ 4 ብናስረዝም ግን ዙሩ 6 ሚሊ ሰከንድ ደርሶ ድምፁ ወደ 166.7 ሄርዝ ይወርዳል። ይህ በትክክል አንድ ንጹሕ አምስተኛ ዝቅ ማለት ነው፤ የድምፁም ቀለም አብሮ ተለውጧል። በመደበኛ ኦሲሌተር ላይ ከፍታና ቀለም ሁለት ማዞሪያ አላቸው። እዚህ አንዱን ሲነኩ ሌላው ይነቃነቃል።

ሌላው ጠባይ እንቢታ ነው። በሰርጅ ሞጁል ላይ ጉዞ የጀመረ ተዳፋት፣ እስኪጨርስ ድረስ አዲስ ማስነሻ ምት አይቀበልም። በ440 ሄርዝ የሚመታ ምልክት ሲደርሰው፣ የተዳፋቱ ርዝመት ከአንድ ምት ክፍተት በጥቂቱ ካለፈ እያንዳንዱን ሁለተኛ ምት ብቻ ስለሚቀበል 220 ሄርዝ ይወጣል። ከሁለት ክፍተት ካለፈ 146.7፣ ከሦስት ካለፈ 110 ሄርዝ ይሆናል። ንዑስ ሃርሞኒክ የሚባለው መሰላል፣ ጀርመናዊው ሙዚቀኛ ኦስካር ዛላ ትራውቶኒየም በተባለው የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የኖረበት ማለት ነው፣ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ሰርኪዩት ሳይሆን በአንድ ሞጁል ግትርነት ይወለዳል። የተዳፋቱን ርዝመት ቀስ እያሉ ሲለውጡ ድምፁ አይንሸራተትም፤ ከደረጃ ወደ ደረጃ ይዘላል።

የሙዚቃ ደራሲው ካርልሃይንዝ ሽቶክሃውዘን በ1958 እና 1960 እ.ኤ.አ. መካከል ኮሎኝ ውስጥ በሠራው «ኮንታክተ» በተሰኘ ድርሰት ላይ አንድ ቃና እየወረደ ሄዶ ወደ ተነጣጠሉ ምቶች ይበተናል፤ ምትና ቃና አንድ ነገር መሆናቸውን አድማጩ በጆሮው ያረጋግጣል። እርሱ በቴፕና በስቱዲዮ ድካም የደረሰበትን ድልድይ ፈንክሽን ጄኔሬተር በአንድ ማዞሪያ ያሻግራል። ቅለቱ ግን አደጋ አለው፦ ሽቶክሃውዘን ሽግግሩን የድርሰቱ ክንውን አድርጎታል፤ ዛሬ በየቅጂው የምንሰማው መንሸራተት ግን ብዙ ጊዜ ማዞሪያው ስላለ ብቻ የተዞረ ነው።

«ዩኒቨርሳል» የሚለው ቃልም መመዘን አለበት። በሰከንድ 1,000 ዙር ላይ የሚያበቃ ምንጭ ከፍ ያሉ ቃናዎችን አይደርስባቸውም። በኦክታቭ 1 ቮልት የሚለውን ልኬት ይዞ ዜማ እንዲጫወት ማትስን ያዘዘ ሰው፣ ሁለትና ሦስት ኦክታቭ ሳይሄድ ቃናው ይዛነፍበታል። ለቅኝት የተሠራ ኦሲሌተር ይህን ሁሉ በተሻለ ይሠራል፤ በዚህ መስክ ፉክክር መግጠም ለፈንክሽን ጄኔሬተር ውለታ አይሆንም።

ስለዚህ አንድ ሥራ ሲቀርብልን ልንጠይቅ የሚገባው ቀላል ነው። ፈንክሽን ጄኔሬተሩ ወጥቶ በቦታው መደበኛ ኦሲሌተር ቢገባ የሚጎድል ነገር አለ? ከፍታና ቀለም ሲጎተቱ፣ የተከለከለ ምት ወደ ዝቅተኛ ቃና ሲዘል፣ ቃና ቀስ ብሎ ወደ ምት ሲፈርስ ካልሰማን፣ ሙዚቀኛው ያገኘው በቅጡ ያልተቃኘ ኦሲሌተር ብቻ ነው።