መንዙማ ከሐድራ ወደ መድረክ

ሕዝባዊ በዓል ከመድረክ ትርዒት የሚለይበት ዐቢይ ምልክት አለ፤ ይኸውም ትርዒቱ ከተመልካቹ መበተን ጋር ሲያበቃ፣ በዓሉ ግን ዓመቱን ሙሉ ከባለቤቶቹ ጋር መኖሩ ነው። ለዚህ አባባል ቆሰበር ጥሩ ምስክር ናት። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዚህች ከተማ በዓሉን ሲያከብር፣ የእንግዳው ዓይን የሚያርፈው ባጌጠው ፈረስና በግልቢያው ላይ ነው። የማኅበሩ አባል ግን ያንኑ ፈረስ በሠርግና በለቅሶ ሲጭን የኖረ፣ የዐድዋንም ድል በፈረሱ የሚዘክር ሰው ነው። የጥር 23 ዕለት የኑሮው ጌጥ እንጂ የኑሮው ምትክ አይደለችም።

ይህን ሚዛን የኢትዮጵያ ሙስሊሞችን የዜማ ቅርስ በአንድ በዓል ለማሰባሰብ ለሚነሣ ሁሉ ማቅረብ ተገቢ ነው። የወሎውን መንዙማ፣ የሐረሩን ዚክሪና የባሌውን ባህሮ በአንድ ምሽት አከታትሎ «ብዝኅነት» ብሎ መሰየም አያስቸግርም። አስቸጋሪው ጉዳይ እያንዳንዱ ከነመልኩ እንዲታወቅ ማድረጉ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ ስያሜው ራሱ ጥንቃቄ ይሻል። «ሙዚቃ» የሚለው ቃል ለብዙ ባለቤቶቹ አይጥምም፤ ለእነርሱ ይህ ውዳሴና ዱዓ ነውና። በድቤና በመውሊድ አከባበር ላይም በሊቃውንቱ መካከል የቆየ ክርክር አለ። ይህን ክርክር መዳኘት የበዓል አዘጋጅ ሥራ ባይሆንም፣ አለማወቁ ግን ጥፋት ነው።

«መንዙማ» የሚለው ስም ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን፣ በስንኝ የተደረደረ ማለት ነው። ስለዚህ መንዙማ ከሁሉ አስቀድሞ ግጥም ነው። የወሎ ሼሆች አማርኛን በዐረብኛ ፊደል፣ በዐጀም፣ እየጻፉ ያቆዩት ይህ ሀብት፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ ሳይጠቀስ የሚታለፍ ክፍል ነው። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ በተገደዱበት ዘመን ሼህ ጠልሃ ጃዕፈር በዐመፅም በመንዙማም ተሟግተዋል። የእርሳቸውን ግጥም ከዚህ ታሪክ ነጥሎ ለጆሮ የሚጥም ዜማ ብቻ አድርጎ ማቅረብ ግማሹን መደበቅ ይሆናል።

የሐረር ዚክሪ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ከረቡ የተባለው ከበሮና ከበል የተባለው የእንጨት ማጨብጨቢያ ይመሩታል፤ ሐረሪኛ፣ ዐረብኛና ኦሮምኛም ይሰሙበታል። ሹዋሊድ የተባለው በዓል በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር፣ የተመዘገበው ዜማው ተለይቶ አልነበረም። ከረመዳን ቀጥሎ የሚመጣው የስድስት ቀን ጾም፣ የመቃብሮቹ ቅጥር፣ ሽማግሌውና አጊጦ የሚወጣው ወጣት፣ ሁሉም አብረው ተቆጥረዋል። ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚጓዘው የባሌ ምዕመንም ባህሮውን በኦሮምኛ የሚያሰማው ባላ በትሩን ይዞ፣ በጉዞና በልመና መካከል ነው። እንግዲህ አንዱ የሐድራ፣ ሁለተኛው የከተማ በዓል፣ ሦስተኛው የመንገደኛ ዜማ መሆናቸው ግልጽ ነው።

መድረኩ በእነዚህ ላይ የሚፈጽመው በደል ከዚህ ይጀምራል። በሐድራ ውስጥ አውጪው አንድ ቃል ሲያወጣ ተቀባዩ ያነሣዋል፤ ቡናው ይፈላል፣ ዕጣኑ ይጤሳል፣ ሌሊቱ ይረዝማል። በዚያ ቤት አድማጭ ብቻ የሆነ ሰው የለም። መድረኩ ግን ሌሊቱን ወደ ጥቂት ደቂቃ ያሳጥራል፣ ተቀባዩን ወንበር ላይ አስቀምጦ አጨብጫቢ ያደርገዋል። ድምፁ ያው ይሆናል፤ ሥራው ግን ተለውጧል።

ይሁንና መድረኩን ከነአካቴው መንቀፍ ፍትሕ አይሆንም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች የእኩልነት ጥያቄ አንግበው በአዲስ አበባ አደባባይ ወጥተዋል። መውሊድና ሁለቱ ዒዶች በአገር ደረጃ የሚከበሩ በዓላት የሆኑትም ከዚያ በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም. ነው። በአደባባይ መሰማት ለዚህ ዜማ ባለቤቶች በትግል የተገኘ መብት እንጂ ቅንጦት አይደለም። መንዙማን ከወሎ አልፎ በየከተማው ያደረሰውም ካሴት ነበር። ወደ ሐድራው ለመግባት ዕድል ያላገኘ ወጣት በአደባባይም ካልሰማው ከየት ይሰማዋል?

መድረክ መቁረጥን ግዴታ እንደማያደርግም የሌላው ዓለም ልምድ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1985 ፓኪስታናዊው ኑስረት ፈትህ ዐሊ ኻን በእንግሊዝ አገር በዎማድ በዓል ላይ ቀዋሊ ሲያሰማ የመጣው ከነተቀባዮቹ፣ ከነአጨብጫቢዎቹ፣ ከነሃርሞኒየሙና ከነከበሮው ነበር። ቋንቋውን የማያውቀውን አድማጭ የማረከው ዜማው ስላጠረ አይደለም፤ ጉባኤው ሙሉ ሆኖ ስለተገኘ ነው።

ስለሆነም የሙስሊሙን የዜማ ብዝኅነት የሚያከብር በዓል ከሁሉ አስቀድሞ ጊዜ መስጠት አለበት። ሦስቱን በአንድ ሰዓት ከማጣበብ ለአንዱ ሌሊቱን መተው ይበልጣል። የዐጀሙ ግጥም ከነባለቅኔው ስምና ዘመን፣ ከነትርጉሙ ለአድማጩ ሊደርስ ይገባል። ተቀባዩም ከአውጪው ጋር መምጣት አለበት። የሚባለውንና የማይባለውን የሚወስኑት የቅርሱ ባለቤቶች ሊሆኑ ይገባል። የቆሰበር ፈረሰኛ ፈረሱን ለእንግዳ ዓይን ብሎ አላሳደገውም፤ እንግዳው ግን በየዓመቱ አይቶ ይደነቃል። መንዙማም ከሐድራው ሳይነቀል ወደ አደባባይ ሲወጣ እንዲሁ ይሆናል። ከሐድራው ተነቅሎ የመጣ እንደሆነ ግን አደባባዩ የሚያገኘው ፈረሰኛው የሌለበትን ኮርቻ ነው።