ሐዲድ በሌለበት ከተማ የባቡርን ጨዋታ ስለ ማረም

ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወርደው አውራ ጎዳና ላይ የተቆረቆረች፣ የይርጋ ጨፌና የወናጎ ቡናም በጭነት መኪና የሚያልፍባት ከተማ እንጂ ሐዲድ የተዘረጋባት ስላልሆነች፣ የጌዴኦ ልጅ ምድር ባቡርን የሚያውቀው ባብዛኛው በዝናና በሥዕል ነው፤ ስለዚህም በኮምፒዩተር የባቡር ሲሙሌተር የሚጫወቱ ወጣቶች «ጨዋታው ተበላሸብን» ብለው ወደ እኔ ሲመጡ፣ አስቀድሜ የምመረምረው ብልሽት ያሉት ነገር በእውነተኛው ባቡር ላይም የሚደርስ መሆን አለመሆኑን ነው።

ከሁሉ የሚበዛው አቤቱታ «ባቡሩ አልነሣ አለ» የሚለው ነው። የባቡር ፍሬን ግን ከሎኮሞቲቩ እስከ መጨረሻው ፉርጎ በሚዘረጋው ቧንቧ ውስጥ የታመቀ አየር ሲሞላ የሚለቅ፣ አየሩ ሲጎድል የሚይዝ ነው፤ ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ በዐሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት ይህን ብልሃት ሲያወጣ፣ ባቡሩ መንገድ ላይ ቢበጠስ አየሩ አምልጦ የተለየው ፉርጎ ሁሉ በራሱ እንዲቆም አስቦ ነውና፣ ረጅም የጭነት ባቡር የያዘ ተጫዋች ቧንቧው እስኪሞላ ታግሦ መቆየት ይገባዋል። ይህን ሕግ የሚያስጠብቅ ጨዋታ ምስጋና እንጂ ጥገና አያሻውም። በዝናብ በራሰ ዳገት ላይ መንኮራኩሩ ባለበት ቢሽከረከርም እንዲሁ ነው፤ መድኀኒቱ ኃይል ቀንሶ አሸዋ መርጨት ነው። መንኮራኩሩ ከሐዲዱ ፈቀቅ ብሎ በአየር ላይ ሲንሳፈፍ ያየ ደግሞ የሐዲዱን ስፋት ልክ ይጠይቅ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ መስመር ስፋቱ አንድ ሜትር፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ግን 1,435 ሚሊሜትር ስለ ሆነ፣ ለአንዱ የተሠራ ፉርጎ በሌላው ላይ ሊገጥም አይችልም።

እውነተኛው ብልሽት በተገኘ ጊዜ ከእጅ በፊት ዐይን ይቅደም። ኦፕን ሬይልስ የተባለው፣ ማይክሮሶፍት በ1993 ዓ.ም. ላወጣው የባቡር ጨዋታ የተዘጋጁትን መስመሮችና ፉርጎዎች የሚያነብ ነጻ ፕሮግራም፣ ያጣውን ፋይልና ያልገባውን ቃል በሎግ ፋይሉ ይመዘግባል፤ የኋለኛው ስሕተት ብዙ ጊዜ ከፊተኛው የሚወለድ ነውና ንባቡን ከላይ መጀመር ይበጃል። የሎኮሞቲቭ ጠባይ የተጻፈበት ፋይል አንዲት መዝጊያ ቅንፍ ብትጎድለው ከርሷ በታች ያለው ትርጓሜው ይፋለሳል፤ ብራና የሚያርም ሊቅ የተገደፈችውን ቃል ከመስመሩ በላይ ጽፎ ምስጢሩን እንደሚያቀና፣ እዚህም ቅንፏን በቦታዋ ማግባት ይበቃል። ሁሉን አጥፍቶ እንደገና መጫንን ግን አልወድም፤ ምክንያቱን ከነማስረጃው ይቀብረዋልና፣ ያው ፉርጎ በተመለሰ ጊዜ ያው ሕማም ይመለሳል። መዝገቡ ዝም ያለ እንደ ሆነ የፉርጎዎቹን እኩሌታ አውጥቶ መሞከር፣ ከታመመው ወገን ደግሞ እኩሌታውን ማውጣት፣ በደለኛው ብቻውን እስኪቀር ድረስ ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋ በመቀመጥ ላይ የነበረ ጨዋታ ፋይሉ ጎደሎ ሊሆን ስለሚችል፣ በየጣቢያው ለይቶ ማስቀመጥ ይገባል።

ባቡሩ ከመንታ ሐዲድ ላይ ሲደርስ ቢወድቅ፣ በእግረኛ ፍጥነት እየነዱ መንኮራኩሩን ከውጭ ካሜራ መመልከት ነው፤ ሁሉም ባቡር በዚያችው ስፍራ የሚወድቅ ከሆነ ጥፋቱ የሐዲዱ ንድፍ ነው፤ አንድ ፉርጎ ሲገጠም ብቻ ከሆነ ግን የዚያን ፉርጎ ፋይል ከፍቶ ክብደቱንና ርዝመቱን መመርመር ይቀራል።