«የዝንጀሮዎች ፕላኔት መንግሥት»፤ የሟች ቃልና ተርጓሚዎቹ

ብዙ ክፍል ያለው ፊልም በተራዘመ ቁጥር ሁለት አደጋ ይገጥመዋል፤ ይኸውም የፊተኛውን መድገም ወይም የፊተኛውን መርሳት ነው። ዌስ ቦል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2024 ዓ.ም. ያዘጋጀው «የዝንጀሮዎች ፕላኔት መንግሥት» በ1968 የተጀመረው ተከታታይ ፊልም አሥረኛ ክፍል ስለ ሆነ፣ ልንመዝነው የሚገባን በዚሁ ሚዛን ነው።

የዝንጀሮዎቹ መሪ ቄሣር በ2017ቱ ክፍል መጨረሻ ሞቷል። አዲሱ ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ብዙ ትውልድ ካለፈ በኋላ ነው። ንስር የሚያሳድጉ ዝንጀሮዎች መንደር ይቃጠላል፤ ኖአ የተባለው ወጣትም የተማረኩ ወገኖቹን ፍለጋ ይወጣል። በመንገድ ያገኘው ራካ የተባለ ኦራንጉታን የቄሣር ትምህርት ርኅራኄ መሆኑን ያስረዳዋል። መንደሩን ያስቃጠለው ፕሮክሲመስ ግን በዚያው በቄሣር ስም ነግሦ፣ ስለ ኅብረት የተነገረውን ቃል የባርነት ማዘዣ አድርጎታል።

በእኛ አስተያየት የፊልሙ ዋና ብልጫ ይህ ነው። ተናጋሪው ከሞተ በኋላ ቃሉን የሚተረጉመው ማን ነው? ኖአ ስለ ቄሣር ቀድሞ ሰምቶ ስለማያውቅ ሁለቱን ትርጓሜዎች የሚለያቸው በፍሬያቸው ነው።

ሜይ የተባለችው ሴት ነገርም ቀላል አይደለም። ፕሮክሲመስ የሰው ልጅ የጥንት መሣሪያውን ካገኘ ዝንጀሮን ዳግመኛ ይገዛል ብሎ ይሰጋል። እርሷም መሣሪያው ለዝንጀሮ እንዳይደርስ ብላ፣ ኖአና ወገኖቹ ከውስጥ ሳሉ የባሕሩን ግድብ አፍርሳ ውኃውን ትለቅባቸዋለች። እንግዲህ ግፈኛው በግፉ ቢወቀስም ስጋቱ ከንቱ አልነበረም።

ጉድለቱንም መሸሸግ አይገባም። ሁለት ሰዓት ከ25 ደቂቃ በሚወስደው ፊልም ንጉሡ የሚታየው ዘግይቶ ነው። ሲናገር እንሰማዋለን፤ ሕዝቡ ያምነው ወይም ይፈራው እንደ ሆነ ግን በቂ ማስረጃ አናገኝም። የሐሰት ትርጓሜ ያለ ተቀባይ ሥልጣን የለውምና፣ ይህ ክፍተት የተነሣውን ጥያቄ በግማሽ ያስቀረዋል። ራካንም ወንዝ ስለሚወስደው ሁለቱ ተርጓሚዎች ፊት ለፊት ሳይከራከሩ ይቀራሉ።

ያም ሆኖ የ1968ቱ ፊልም በአሸዋ የተቀበረውን የነፃነት ሐውልት አሳይቶ ሰው በገዛ እጁ መጥፋቱን እንደ ነገረን፣ ይኸኛውም መልካም ቃል በወራሾቹ እጅ ሊበላሽ እንደሚችል ይነግረናል። ስለዚህ ክፍሉ በከንቱ አልተጨመረም፤ ተማሪ ሁሉ አይቶ ቢከራከርበት ይጠቀማል እንላለን።